ክሪክ ያነሣል እንጂ አይይዝም

በቤታችሁ ደጅ ላይ መኪና ወይም ባጃጅ አንሥታችሁ ከሥር ሆናችሁ ለመሥራት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሞክራችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል። ሞክራችሁ የማታውቁም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአሮጌዋ መኪና ሌላ አባትና ልጅም አሉበት።

ጭቃ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ

የተወለድኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከባድ ስለነበረ፣ ከተራራው ሥር በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። አባቴም እንደ ብዙዎቹ የከዚራ አባቶች የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በጥገና ክፍሉ፣ እኛ “አተልየ” ብለን በምንጠራው ቦታ ነው። ጡረታ ሲወጣ ባጠራቀማት ገንዘብ አንዲት አሮጌ ፔጆ 404 ገዛ፤ እኔም ታክሲ አድርጌ እነዳት ጀመር። ፔጆ 404 በሐረርና በድሬዳዋ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስተዳደረች የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። የእኔንም ቤት ያስተዳደረችው እርሷ ነበረች።

ከዚያ የ1998ቱ ጎርፍ መጣ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሲወርድ ከ200 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ። ስንቱ ልጁን፣ ስንቱ እናቱን አጥቶ አለቀሰ። እኔና ቤተሰቤ በጌታ ቸርነት ተረፍን። መኪናዋ ግን በዚያ ሌሊት ከወንዙ ዳር ቆማ ስለነበር እስከ ወንበሯ ድረስ ጭቃ ገብቶባት አገኘኋት። ሰው ባለቀበት ቀን ስለ መኪና ማዘን ነውር ነበረና ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ መጥቶ አያት። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ገለጥ አደረገና “ወንበሮቹን በሙሉ አውጣ። ምንጣፉን አንሣ። ወለሉን እስከ ብረቱ እጠብ፣ አድርቅ፣ አንቲረስት ቀባ። ከዚያ በኋላ ሥራ” አለኝ።

“ስንት ቀን ይፈጃል?” አልኩት።

“ሁለት ሳምንት።”

ሁለት ሳምንት ያለ ገቢ! እኔ የሚታየውን ብቻ አጠብኩ። በሮቿን ከፍቼ ለሦስት ቀን በድሬ ፀሐይ አሰጣኋት። ከዚያ የሚያምር አዲስ ምንጣፍ ገዝቼ ከላይ አነጠፍኩበትና ሥራ ጀመርኩ። ተሳፋሪዎች “አዲስ መኪና አስመሰልካት” ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከምንጣፉ ሥር በላሜራው እጥፋቶች ውስጥ የቀረው ጭቃ ግን እርጥበቱን ይዞ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ2000 ዓ.ም. አንድ ቀን የአንዲት እናት የጫማ ተረከዝ ምንጣፉንና ወለሉን በስቶ ወደ ታች ወረደ። ምንጣፉን ስገልጠው አስፋልቱ ታየኝ። ወሬው አባቴ ዘንድ ደረሰ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ከብቦን ሳለ “አላልኩህም?” አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ከአባቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየዘመርን፣ በተለያየ ወንበር እየተቀመጥን፣ ሳንነጋገር ወደየቤታችን እንሄድ ነበር።

“ቡናው ቀዘቀዘ”

ጋራዦች የጠየቁኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነበር። ስለዚህ በራሴ ለመሥራት ወሰንኩ። አንድ በያጅ ወዳጄ ቅዳሜ መሣሪያውን ይዞ ሊመጣ ተስማማን። የእኔ ድርሻ መኪናዋን ከጎማዎቿ ላይ አንሥቼ፣ የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጬ፣ ዝገቱን በብረት ብሩሽ መፋቅ ነበር። አባቴ ዕድሜ ልኩን ከባድ ነገር ከእግሩ ላይ ሲያነሣ የኖረ ሰው መሆኑ በሐሳቤ መጣ። ነገር ግን “ሄጄ ‘አላልኩህም’ን ልድገም?” ብዬ ተውኩት።

ያደረግሁትን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱኝ። ቤታችን ከደቻቱ ማዶ በመጋላ በኩል ነው፤ ግቢው አሸዋማ ነው። በአሸዋው ላይ የዘይት ክሪክ አስቀመጥኩ። አንዱን ማዕዘን እስከምፈልገው ከፍታ ድረስ በአንድ ጊዜ አነሣሁና ሁለት ብሎኬት ደራርቤ አስገባሁ። ሌላውንም እንዲሁ። መደገፊያ ያደረግሁት የበሮቹን ሥር ጠርዝ ነበር፤ እርሱ ደግሞ በውስጡ በዝገት የተበላ ነው። በአንደኛው ማዕዘን ብሎኬት ስላነሰኝ ክሪኩን ራሱን እንደ ምሰሶ ተውኩት። “የእጅ ፍሬን ይዣለሁ” ብዬ ታኮ እንኳ አላደረግሁም። አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ሆነው የእጅ ፍሬን ምን ሊይዝ ነው? ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው።

ባለቤቴ ወጥታ አየችና “አስተማማኝ ነው?” አለችኝ። “አስተካክዬዋለሁ” አልኳት። ገባሁና በጀርባዬ ተኝቼ መፋቅ ጀመርኩ።

ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ “ቡና ደርሷል” ብላ ጠራችኝ። “መጣሁ” አልኩ። ሁለተኛ ጠራችኝ። “አንድ ደቂቃ” አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ያን ጊዜ አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጄ መጥታ በውጭ የቀረውን እግሬን ይዛ ጎተተችኝ። “አባዬ፣ ቡናው ቀዘቀዘ አለችህ እማዬ።” የልጅ ነገር ሆኖ እግሬን አልለቅ ስላለችኝ ወጣሁ።

አቦሉን አጋምሼ ነበር። እንደ ትልቅ ከበሮ ያለ ድምፅ ሰማን፤ አቧራ ግቢውን ሞላው። አቧራው ሲረግብ መኪናዋ በሆዷ መሬት ላይ ተኝታለች። አንዱ ብሎኬት ዱቄት ሆኗል። ጥዬው የወጣሁት የብረት ብሩሽ እጀታው ተሰባብሮ፣ ደረቴ በነበረበት ቦታ ከወለሉ ሥር ተጣብቆ ቀርቷል።

ባለቤቴ አልጮኸችም። ልጃችንን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻትና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አለች፤ “ሂድና አባባን ጥራቸው።”

የመጀመሪያው ጥያቄ

ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋውን ተሻግሬ ወደ ከዚራ ሄድኩ። ያችን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ተመላልሼባታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ረዝማብኝ አታውቅም። አባቴ ከቤቱ ደጅ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

“አባዬ፣ መኪናዋ ወደቀች” አልኩት።

“ከሥሯ ማን ነበር?” አለኝ።

“ማንም አልነበረም።”

“አንተስ?”

“ቡና እየጠጣሁ ነበር።”

ዓይኖቹን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ተነሣና ባርኔጣውን አደረገ። ስለ መኪናዋ ምንም አልጠየቀኝም። “አላልኩህም” የሚለውን ቃል ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እስከ ሞቱ ድረስ አልተናገረውም።

ከጓዳው ያወጣቸው ነገሮች እነዚህ ነበሩ፤ ክንድ ያህል ርዝመት ያላቸው ብዙ የእንጨት ጉማጆች፣ ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች፣ አንድ የድሮ ባለ ጥርስ ክሪክና አራት የእንጨት ታኮዎች። ሁለት ባጃጅ ሞላ። በያጁንም “ቅዳሜ አትምጣ፤ ማክሰኞ እንጠራሃለን” ብሎ ላከበት።

ክብደቷ የት ነው?

ግቢ ስንደርስ ምንም ከመንካቱ በፊት ዱካ አስመጥቶ ተቀመጠና መኪናዋን ተመለከታት። “ክብደቷ የት ነው ያለው?” አለኝ።

“ሁሉም ጋ” አልኩት።

“የለም። ከላይ የምታየው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ራሱን እንኳ አይችልም። ከሥር ጠንካራ አጥንት አላት። መጀመሪያ አጥንቷን ፈልግ። ከዚያ አጥንቷ ያልዛገበትን ቦታ ፈልግ። መደገፊያ የሚገባው እዚያ ነው።”

ካቻቢቴ ሰጠኝና የመደገፊያ ቦታ ይሆናል ያልኩትን ሁሉ እንድወጋ አዘዘኝ። እኔ ብሎኬቴን ያስገባሁበት የበሩ ሥር እንደ ዳቦ ተበሳ። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከፊትና ከኋላ እግሮቿ አጠገብ ያለው ወፍራም ክፍል ግን ካቻቢቴውን መለሰው። “እዚህ” አለ።

ከዚያ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ያሳየኝን እንደሚከተለው አስቀምጥላችኋለሁ። መኪና ለማንሣት ባታስቡም አንብቡት።

መጀመሪያ መሬቱ። አሸዋ ላይ የክሪክ ትንሽ እግር እየሰመጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰፊ ጣውላ ከሥሩ ይነጠፋል። ቀጥሎ ታኮ። የኋላውን ስታነሡ የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸዋል። በአብዛኞቹ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሮችን ስለሆነ የኋላው ከመሬት ሲለቅ መኪናው በፍሬን አልተያዘም ማለት ነው። ከዚያ ማንሣት። አንዱን ማዕዘን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ማጎን ሌላውን ይገፋል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል አራት ጣት፣ በዚያ በኩል አራት ጣት እየተባለ በየተራ ነው። በየአራት ጣቱም አንድ እንጨት ከሥር ይገባል፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናው የሚወርደው አራት ጣት ብቻ ነው። እንጨቶቹ ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ እየተጠላለፉ ይደረደራሉ። የቁልሉ ቁመት ከወርዱ እንዳይበልጥ ያደርግ ነበር።

“ብሎኬትስ ለምን አይሆንም? ቤት ሙሉ ይሸከም የለም ወይ?” አልኩት።

“ግድግዳ ውስጥ ክብደቱ በሁሉም ላይ እኩል ያርፋል። አንተ ግን በአንድ ጠባብ ብረት አስጨንቀኸዋል፤ ውስጡም ባዶ ነው። እንጨት ሲከብደው ይጮኻል፣ ይጨመደዳል፤ ‘ውጣ’ ይልሃል። ብሎኬት አይናገርም። እስኪፈርስ ድረስ ደኅና ነው።”

ክሪኩንም አንሥቶ አሳየኝ። “ይህን የያዘው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የያዘችው አንዲት ጎሚኒ ናት። ክሪክ የተሠራው ለማንሣት ነው። ሲያነሣልህ አመስግነህ እንጨት አስገባ። በእርሱ ላይ አትተኛ።”

በአተልየው አንድ ፉርጎ ከእግሩ ሲነሣ አራት ሰዎች በአራቱ ማዕዘን ይቆሙና አንድ ሰው ብቻ ያዝዝ እንደነበር ነገረኝ። አዛዡ ሲናገር አራቱም እኩል ይጠመዝዛሉ፤ አንዱ ቢቸኩል ሌሎቹ ይቆማሉ። አካሉ ከፍ ሲል እግሮቹ ከሥሩ ተገፍተው ይወጣሉ፤ አካሉም በመደገፊያ ላይ ያርፋል። እኔም ሽባውን ወዳጃቸውን ተሸክመው ጣሪያ ከፍተው ያወረዱትን አራት ሰዎች አሰብኩ። አንዱ ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ምን ይሆን ነበር?

በጂቡቲ ያያት ጀልባ

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከጥላ ሥር ተቀምጠን ውኃ እየጠጣን ሳለ፣ አባቴ ከዚህ በፊት ያልነገረኝን ነገር አወጋኝ። በወጣትነቱ ለሥራ ወደ ጂቡቲ ይላክ ነበር። ከድሬዳዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ወርዶ ባሕር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። በወደቡ አጠገብ ሰዎች አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ከተጎታች ጋሪዋ ላይ አውርደው ሆዷን ሊጠግኑ ሲያዘጋጁ አየ። የጥገና ሰው ነውና ቆሞ ተመለከታቸው።

“ለምን ከጋሪው ላይ አያድሷትም አልኩ። ለካ ጀልባዋ ጋሪው ላይ የተደገፈችበት ቦታ በጋሪው እንጨት ተሸፍኗል። እርጥበቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ መፋቅ የሚያስፈልገውም እዚያ ነው። የተደገፍክበትን ነገር ካላነሣህ ከሥሩ ያለውን አታይም።”

እኔ ምንጣፌን አሰብኩ፤ ዝም አልኩ።

የጀልባዋ ሆድ ክብ ስለሆነ ብቻዋን አትቆምም። ከሥሯ በመካከል ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ወፍራም አከርካሪ አላት። ሰዎቹ ክብደቷን በሙሉ በዚያ አከርካሪ ላይ አድርገው ከሥሩ ትልልቅ እንጨት ደረደሩ። ከዚያ በግራና በቀኝ ምሰሶዎች አቆሙላት። አባቴ መጀመሪያ ምሰሶዎቹ የተሸከሟት መስሎት ነበር። አንዱ ሽማግሌ ግን እጁን እያወዛወዘ አስረዳው፤ ምሰሶዎቹ አይሸከሙም፤ “አትዘንበዪ” ይሏታል እንጂ። ክብደቱ በምሰሶዎቹ ላይ ከወደቀ ስሱን የሆዷን ግድግዳ ይሰብሩታል። ስለዚህ የምሰሶዎቹን ራስ ሰፋ ባለ ሰሌዳ ያለብሱታል፤ የሚያሳርፉትም በውስጥ በኩል አቋራጭ ግድግዳ ባለበት፣ ጠንካራ በሆነው ቦታ ላይ ነው። የግራውንና የቀኙን ምሰሶ ደግሞ ከሥር በሰንሰለት ያያይዟቸዋል፤ አንዱ ተንሸራትቶ እንዳይወጣ ሌላው ይይዘዋል።

“ምሰሶው ያረፈበትን ቦታስ እንዴት ቀቡት?” አልኩት።

“ይህን እኔም ጠይቄአለሁ” አለና ሳቀ። በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። “አጠገቡ ሌላ ምሰሶ አቁመው፣ አጥብቀው፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ያነሣሉ። ቦታውን ፍቀው ቀብተው ሲደርቅ ይመልሱታል። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ። አዲሱ ሳይቆም አሮጌው አይነሣም።”

ያቆመው ይግባ

ቁልሎቹ አራቱም ቆሙ። ክሪኩን ዝቅ አደረግንና ክብደቷ በሙሉ እንጨቱ ላይ አረፈ። እንጨቱ ትንሽ አጉረመረመና ጸጥ አለ። አባቴ ጎማዎቹን አስፈትቶ በጠርዞቿ ሥር በአግድም አስተኛቸው። “እንጨቱ ቢከዳ ጎማው አለ፤ አንድ ጠባቂ አይበቃም” አለ። ከዚያ ከጎን ሆኖ በሁለት እጁ ገፋት። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ ገፋት። ነቅነቅ ብትል ሁሉንም አፍርሰን እንደገና እንጀምር ነበር። አልተነቃነቀችም።

ብሩሼን ይዤ ልገባ ስል ክንዴን ያዘኝ። “ቆይ። ያቆመው ሰው ነው መጀመሪያ የሚገባው።” ባርኔጣውን አውልቆ ለልጄ ሰጣትና ሰባ ዓመት የተጠጋው ሰው በጀርባው ተኝቶ ከሥሯ ገባ። ረጅም ጊዜ ቆየ። አንገቱን እንኳ ቀና ማድረግ የሚከብደው አባቴ በእንጨቶቹ መካከል ጋደም ብሎ እያንዳንዱን ቁልል በመዳፉ ሲዳስስ አየሁት። ከዚያ “ና ግባ” አለኝ።

ጎን ለጎን ተኛን። ከሥር ሆነው ሲያዩት ነገር ሁሉ ይለያል። ምንጣፉ የሸፈነው ሁሉ ተገልጦ ነበር። “አባዬ፣ ያኔ ወለሉን አላጠብኩትም” አልኩት። ያወቀው ነገር ቢሆንም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

“አውቃለሁ” አለኝ። ትንሽ ቆይቶ “እኔም በሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም። አንተን ያነሣሁህ መስሎኝ ጣልኩህ” አለ።

ከዚያ ሌላ ብዙ አልተባባልንም። ብሩሹን ተቀበለኝና መፋቅ ጀመረ።

ማክሰኞ በያጁ ከመድረሱ በፊት አባቴ ባትሪውን አስፈትቶ የቤንዚን ታንከሩን አስወርዶ ከግቢው ወዲያ ጫፍ አስቀመጠው። ባልዲ ውኃና አሸዋም አዘጋጀን። የበሰበሰው ላሜራ ተቆርጦ ወጣ፤ አዲሱ ተበየደ፤ ከላይም ከሥርም ሁለት ጊዜ አንቲረስት ተቀባ። ስናወርዳት እንደ አነሣጣችን በየተራ፣ አራት አራት ጣት ነበር። ፔጆዋ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠርታልኛለች።

እናንተስ?

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። በሰፈራችን ወጣቶች በመኪናና በባጃጅ ሥር ሲገቡ በየቀኑ አያለሁ። ብሎኬት አትጠቀሙ። በክሪክ ላይ ብቻ ተማምናችሁ አትግቡ። መሬቱን፣ ታኮውን፣ አጥንቱን እዩ። ልጃችሁ እግራችሁን የምትጎትትበት ሰዓት ሁልጊዜ በጊዜው አይገጥምም።

ሁለተኛው የልቤ ነገር ነው። በቤተሰባችንና በጉባኤያችን የሚጠገን ሰው አይጠፋም። ከጫት ወይም ከመጠጥ የተመለሰ ወንድም አለ። ትዳሯ የተናጋባት እህት አለች። ከአባቱ ጋር የተኳረፈ ልጅ አለ። እኛ ማንሣት እናውቅበታለን። በአንድ ምሽት ጸሎት፣ በአንድ ጉባኤ፣ በአንድ የገንዘብ መዋጮ ከፍ እናደርገዋለን፤ እልል እንላለን። ማንሣቱ ጥሩ ነው፤ ያለ ክሪክ የሚነሣ ነገር የለም። በማግስቱ ግን ከሥሩ እንጨት የሚያስገባው ማን ነው? ሰኞ ምሳ የሚጋብዘው፣ ረቡዕ ሥራ ቦታው ድረስ የሚሄደው፣ ከወር በኋላ “እንዴት ነህ?” የሚለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ወንድማችን ሲወድቅ “ከመጀመሪያውም አልተለወጠም ነበር” እንላለን። ምናልባት አንሥተነው በክሪክ ላይ ትተነው ይሆናል።

መደገፊያችሁንም በበሰበሰው ቦታ ላይ አታድርጉ። የሰውን ድካም በሰው ፊት እያነሡ ሰውን ማቆም አይቻልም፤ እንደ ዳቦ ይበሳል። ገና ያልዛገውን ቦታ ፈልጉ፤ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ። የለመደውን ድጋፍ ስታነሡበትም ሌላውን አስቀድማችሁ አቁሙለት። ከጫት ጓደኞቹ የለያችሁትን ወንድም ከሰዓት በኋላ ከማን ጋር ይቀመጥ እንደሆነ አስባችኋል?

አባቴ በ2007 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄደ። በ2009 የተመረቀውን አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ለማየት አልታደለም። ፔጆዋም ተሸጣለች። እግሬን የጎተተችው ልጄ ዛሬ የራሷን ትዳር ይዛለች። የእንጨት ጉማጆቹ ግን አሁንም ከጓዳዬ አሉ፤ የጎረቤት ልጆች መጥተው ይዋሱኛል። ስሰጣቸው ሁልጊዜ አብሬአቸው እሄዳለሁ። ቁልሉ ሲያልቅ “ቆዩ” እላቸውና መጀመሪያ እኔ እገባለሁ።

ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር የተኳረፈ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ አንድ ነገር ልለምነው። መኪናዋ እስክትወድቅ አትጠብቅ፤ ዛሬ ደቻቱን ተሻገር። ጌታ ይርዳህ።